የተሞረደችው መሐለቅ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ምነው፣ ድምፃችሁ የተራበ ድመት መሰለ! እንደገና! ተረት ተረት!

«የመሠረትትት!»

እሰይ የእኔ አንበሶች! እንግዲህ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ ክብ አምባ የምትባል አገር ነበረች። የክብ አምባ ሰዎች የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ነፍሳቸው ነበር። ሊገዙበት አይደለም፤ ሊያዩት ነው እንጂ! ጠገራ ብር ያለው ጠገራውን፣ አላድ ያለው አላዱን በጥጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል።

በዓመት አንድ ቀን፣ መጋቢት ሲገባ፣ የክብ በዓል ያከብራሉ። ዳቦው ክብ! ጭፈራው ክብ! ለልጆች የሚታደለው የሰም ሳንቲም ክብ! ከዚያ ሁሉም ሳንቲሙን ያወጣና ዙሪያውን በክር አንድ ጊዜ ይጠመጥመዋል። ክሩን ይቆርጠዋል። የተቆረጠውን ክር በሳንቲሙ ሆድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይለካበታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይደርሳል። ከዚያ ትንሽዬ ክር ትተርፋለች። ያኔ አገሩ በእልልታ «ሦስት ከትራፊ!» ይላል። ቤታችሁ ስትገቡ ሞክሩት፤ ካልሆነ ጆሮዬን ቁረጡት!

እዚያ አገር አንጓች የምትባል ድሃ ክር ፈታይ ነበረች። ያላት መሐለቅ የሚሏት አንዲት የድሮ የመዳብ ሳንቲም ብቻ ናት። መሐለቋ መዳፍ ታህላለች። ደግሞ ትናገራለች! ድምጿ እንደ ከበሮ ነው።

«አንጓችዬ፣ ዝናብ መጣ፣ ጥጥሽን አስገቢ!» ትላታለች። «አንጓችዬ፣ ምሳሽን በላሽ ወይ?» ትላታለች። አንጓች ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

አንድ ዓመት በበዓሉ ቀን ጭራቅ መጣ። ሆዱ እንደ ጎተራ ክብ ነው።

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ትራፊ ነው?» ብሎ ጮኸ። «እኔ ትራፊ አልወድም! ልክ ሦስት ይሁን! ልክ ሦስት የሆነ አንድ ሳንቲም በሦስት ቀን ውስጥ ካላሳያችሁኝ፣ ሳንቲሞቻችሁን በሙሉ እውጣለሁ!»

አንጓች ልቧ ተሰነጠቀ። መሐለቄን ሊውጥብኝ ነው አለች። አሰበች፣ አሰበች። «ዳሯን ብሞርደው ክሩ ያጥራል፤ ትራፊውም ይጠፋል» ብላ ሞረድ አነሳች።

የሰብሳቢዎቹ ሽማግሌ አያ ቢተው ሮጠው መጡ። «ኧረ አንቺ ሴት! ሳንቲም በሞረድ አይነካም! ከአያቶቻችን ጀምሮ ሕጋችን ነው!»

«የእርስዎ ሳንቲም ዲዳ ነው፤ ምን ቸገረዎት!» አለቻቸው።

መሐለቋም ለመነቻት። «አንጓችዬ፣ አትሞርጂኝ። ብታሳንሺኝም ትራፊዋ አትለቀኝም።»

«ዝም በይ! ላድንሽ እኮ ነው!»

አይ አንጓች! አይ አንጓች!

በመጀመሪያው ቀን ሸረክ ሸረክ አደረገቻት። መሐለቋ የልብስ ቁልፍ አከለች። ድምጿ እንደ ዋሽንት ቀጠነ። ለካቻት። ሦስት ከትራፊ!

በሁለተኛው ቀን ሸረክ ሸረክ አደረገቻት። መሐለቋ ሽምብራ አከለች። ድምጿ እንደ ንብ ሆነ። ለካቻት። ሦስት ከትራፊ!

በሦስተኛው ቀን ሸረክ ሸረክ አደረገቻት። መሐለቋ ምስር አከለች። «አንጓ…» አለች። ስሙን አልጨረሰችውም።

አንጓች በቀጭን ክር ለካቻት። ሦስት ከትራፊ።

ያኔ ገባት። ለካስ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ክብ ከሆነ ትራፊው አብሮት ነው! ልጆች፣ ሲገባት ምን ያደርግላታል? ሞረዱን ወረወረችና አለቀሰች።

ወዲያው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጭራቁ መጣ።

አንጓች እንባዋን ጠረገች። «ጌታው፣ ልክ ሦስት የሆነ ክብ አይተን አናውቅም» አለችው። «የአንተ ሆድ ክብ ነው። እስቲ አንተ አሳየን።»

«እኔማ ልክ ሦስት ነኝ!» ብሎ ሆዱን ነፋ።

በክር ጠመጠመችው። በግራ ጎኑ አንድ ካስማ፣ በቀኝ ጎኑ አንድ ካስማ ተከለች። ክሩን በካስማዎቹ መካከል ለካች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ… ተረፈ!

«ትራፊ አለህ!» ብሎ አገሩ በሳቅ ፈነዳ።

ጭራቁ አፈረ። ትራፊውን ሊያጠፋ ከአለት ጋር ተፋተገ፣ እንስራ አከለ። ተለካ። ሦስት ከትራፊ! እንደገና ተፋተገ፣ ቅል አከለ። ሦስት ከትራፊ! በንዴት እንደገና ተፋተገ፣ የጤፍ ፍሬ አከለ። አንዲት ዶሮ መጣችና ቃም! አደረገችው። በቃ!

ሰዉ ጨፈረ። አንጓችን ትከሻው ላይ አወጣት። እሷ ግን መሐለቋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ድነናል እኮ! ተናገሪ!» ትላለች። ዝም። በትንፋሿ አሞቀቻት። ዝም። በእንባዋ አጠበቻት። ዝም።

አያ ቢተው ጠገራቸውን አውጥተው ሰጧት። «ሕግ ብናገርም አልተቆጣሁሽም፤ ውሰጂ ልጄ» አሏት።

«አያ፣ ጭራቁን ያሸነፍኩት በእኔ ብልሃት አይደለም» አለች አንጓች። «እሷ በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝን ነው መልሼ የነገርኩት። ያኔ ብሰማት ኖሮ ዛሬ አብራኝ ትስቅ ነበር።»

ጠገራውን ተቀበለች። ያምራል፣ ያበራል። ስሟን ግን አይጠራም።

አያችሁ ልጆቼ፣ የምትወዱትን ላድንህ ብላችሁ አትሞርዱት። መጀመሪያ ምን እንደሚል ስሙት። ጸጸት የሄደ ድምፅ አይመልስም።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ አፌን በትኩስ ዳቦ አብሱልኝ!