የእትዬ ትርንጎ መስኮት

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረቴ ከአንድ መስኮት ይነሳል፣ ወዴት እንደሚዞር እናንተው ታዩታላችሁ።

በኮምቦልቻ ከተማ አንድ የጭነት ኩባንያ ነበር። ኩባንያው አዲስ ሕንፃ ሠርቶ ሲገባ፣ ፎቅ ላይ ያለው አሮጌ ቢሮ ከነወንበሩ፣ ከነስልኩ ተቆልፎ ኖረ። ዘንድሮ የምሥረታው በዓል ደረሰና "አሮጌው ቢሮ ለሕዝብ ይከፈት!" ተባለ። ግድግዳው ተቀባ፣ በሩ ተቀባ፤ ቀለም ሲተርፍ ጊዜ መስኮቱም ከነመዝጊያው ተለቀለቀ። ደጃፉ ላይ ሪባን ተወጠረ።

እትዬ ትርንጎ ማንም ሳይጠራት በጠዋት መጣች። በወጣትነቷ እዚያ ፎቅ ላይ ስልክ ታገናኝ ነበር። ባሏ ይመር ደግሞ የኩባንያው ሾፌር ነበር። ይመር ከአሰብ ሲመለስ የግቢው በር ላይ ክላክሱን ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል፤ እሷ መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ቀይ ሻሿን ታውለበልብለታለች። አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረባት። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ "ነገ ይመጣል" ብላ መስኮቱን በገዛ እጇ ዘጋችው። ይመር ግን በረሃ ላይ ታሞ እዚያው ተቀበረ፤ ካሚዮኑን ሌላ ሰው እየነዳ አመጣው። በዚያው ሰሞን ቢሮው ተቆለፈና መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ትርንጎ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን መስኮት አንዴ ከፍታ "እንኳን ደህና መጣህ" ማለት። ሻሿንም ለዚሁ ብላ በጉያዋ ይዛ ነው የመጣችው።

ከመስኮቱ ሥር ቆመችና አንጋጣ "መስኮቴ መስኮቴ፣ እባክህ ተከፈትልኝ" አለችው።

"በምን አቅሜ?" አለ መስኮቱ። "ቀለሙ አጣብቆኛል። አናጺው በመሮ ካላላቀቀኝ አልከፈትም።"

አናጺው እንድሪስ ጋ ሄደች። "እንድሪስ፣ መስኮቱን አላቅልኝ። አናጺው ካላላቀቀው መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ናፍቆቴ አይወጣልኝም።"

"ኧረ እትዬ ትርንጎ፣ መሮዬ ይኸው በእጄ" አለ እንድሪስ። "ግን በየት በኩል ልግባ፣ በአየር? አስጎብኚዋ በሩን ካልከፈተች አላላቅቅም።"

አስጎብኚዋ ሐያት ባጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሩ ላይ ቆማለች። "ሐያትዬ፣ በሩን ክፈቺ። አስጎብኚዋ ካልከፈተች አናጺው አይገባም፤ አናጺው ካልገባ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ናፍቆቴ አይወጣልኝም።"

"እኔ ምን ከፋኝ እማማ" አለች ሐያት። "ደግሞ ለእንጀራዬም ላስብ እንጂ! ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘኝ አልከፍትም።"

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ያስተካክላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መልሶ ከረባቱን ያስተካክላል። "ጌታዬ፣ እዘዝልኝ። ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ አስጎብኚዋ አትከፍትም፤ አስጎብኚዋ ካልከፈተች አናጺው አይገባም፤ አናጺው ካልገባ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ናፍቆቴ አይወጣልኝም።"

"ሪባን ሳይቆረጥማ ማን ይገባል እናቴ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። "የክብር እንግዳዋ ገብተው ካልቆረጡ አላዝም።"

የክብር እንግዳዋ ወይዘሮ አጸደ፣ የኩባንያው መሥራች ልጅ ናት። ከግቢው ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በላብ ተጠምቃለች። እትዬ ትርንጎ በአጥሩ ፍርግርግ አሻግራ ጠራቻት። "እመቤቴ፣ ይግቡልኝ። እንግዳዋ ካልገቡ ሥራ አስኪያጁ አያዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ አስጎብኚዋ አትከፍትም፤ አስጎብኚዋ ካልከፈተች አናጺው አይገባም፤ አናጺው ካልገባ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ናፍቆቴ አይወጣልኝም።"

"ትርንጎ! አለሽ እንዴ?" አለች ወይዘሮ አጸደ። "ምን ላድርግ እህቴ፣ ይኼ ካሚዮን የግቢውን በር ዘግቶት። በጎኑ ድመት እንኳ አያሳልፍም። ካሚዮኑ ካልተነሳ አልገባም።"

ካሚዮኑ ለበዓሉ ታጥቦ፣ ግንባሩ ላይ አበባ ታስሮለት ነበር። በሩ መሀል ሲደርስ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፣ መካኒኩ ከሥሩ ይገባል፣ ጎረምሶች ይገፋሉ፤ ወይ ፍንክች! እትዬ ትርንጎ ቀረብ ብላ ስታየው አወቀችው። የይመር ካሚዮን ነው። እጇን በመብራቱ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ለመነችው።

"ካሚዮን፣ ተነሳልኝ። ካሚዮኑ ካልተነሳ እንግዳዋ አይገቡም፤ እንግዳዋ ካልገቡ ሥራ አስኪያጁ አያዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ አስጎብኚዋ አትከፍትም፤ አስጎብኚዋ ካልከፈተች አናጺው አይገባም፤ አናጺው ካልገባ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ..." ብላ መጨረስ አቃታት።

"እኔም ናፍቆኛል" አለ ካሚዮኑ። "በዚህ በር ስገባ መስኮት ይከፈትልኝ፣ ቀይ ሻሽ ይውለበለብልኝ ነበር። ያን ጊዜ ከበረሃ ያለ ይመር ስመለስ መስኮቱ ዝግ፣ ግቢው ጭር ያለ ሆኖ ጠበቀኝ። መስኮቱ ካልተከፈተ አልነሳም።"

ጉድ በሉ እንግዲህ! መስኮቱ ካሚዮኑን ይጠብቃል፣ ካሚዮኑ መስኮቱን ይጠብቃል፤ በመሀል ትርንጎ ቆማ ቀርታለች። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ደጅ መጣ። ሻሿን በጉያዋ ዳበሰችው። ፎቅ ላይ ሆና ልታውለበልበው ነበር ያሰበችው፤ እንደ ወጣትነቷ፣ ከላይ ወደ ታች እያየች። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ተክሎባታል። አንዱ ከኋላ ይስቃል።

"ይሳቅ" አለች። ሻሹን አወጣች። ወደኋላ ሄድ ብላ ከመስኮቱ ሥር፣ ከመሬት ላይ ቆመችና እጇ እስኪደክም አውለበለበችው። "እንኳን ደህና መጣህ! አርፍደሃል፣ ግን እንኳን ደህና መጣህ!"

ካሚዮኑ አንዴ ሳል ሳል አለው፣ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳና እያጓራ ገባ! ካሚዮኑ ሲገባ እንግዳዋ ገባች፤ እንግዳዋ ስትገባ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ሪባኑ ሲቆረጥ ሥራ አስኪያጁ አዘዘ፤ እሱ ትእዛዝ ሲሰጥ አስጎብኚዋ ከፈተች፤ አስጎብኚዋ ስትከፍት አናጺው ገባ፤ አናጺው ሲገባ መስኮቱ ተላቀቀ፤ ሲላቀቅ እትዬ ትርንጎ በገዛ እጇ ብርግድ አደረገችው።

ካሚዮኑ ከታች ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ የሾፌር ወንበሩ ባዶ ነው። እሷም ባዶ መሆኑን አየች፤ አየችና ሻሿን አውለበለበች። ከታች ክላክስ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ አለ። ማን እንደነካው እኔን አትጠይቁኝ። እትዬ ትርንጎ አለቀሰች፣ ሳቀችም።

ማምሻውን ጎብኚው ሁሉ ሲወጣ ሐያት ቁልፏን ይዛ መጣች። "እማማ፣ ሰዓት ደረሰ። መስኮቱን ልዝጋው?"

"ተይው ልጄ" አለች እትዬ ትርንጎ። "ያን ጊዜ ሰዓት ደረሰ ብዬ በይመር ላይ ዘግቼበት ነበር። ዛሬ እንኳ ክፍት ይደርለት።"

ሐያትም ተወችው፤ እኔም ተረቴን ሳልዘጋው እዚህ ላይ ተውኩት።