ባይቆምስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ታላቅ ዜና ይዤላችሁ ቆሜያለሁ። የቆማችሁ ተቀመጡ፤ የምታወሩ ዝም በሉ። አንዲት ልጅ በብስክሌት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ተነሣች።

ዜናው ይኸው ነው። ምነው ቀለለባችሁ?

አንድ መምህር ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ሐይቅ ዳር ባለች፣ ብስክሌት በሚበዛባት ከተማ ስፖርት ያስተምራል። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አስፋልት አለ፤ አስፋልቱ ላይ ዜብራ ተቀብቷል። አምና ከዚያ ዜብራ ላይ አንድ ተማሪ አንሥተው ቀበሩ።

ይርዳው አዘነ። አዝኖም አልቀረ፤ ኖራ በጥብጦ ሜዳው ላይ መንገድ ሠራ። አደባባይ አለው፤ ዜብራ አለው። ብስክሌት ያለው ልጅ ይነዳል፤ ያለ ብስክሌት የመጣ ደግሞ ካርቶን አንገቱ ላይ አጥልቆ መኪና ይሆናል።

"ዜብራው ጋ ስትደርሱ ወርዳችሁ እጅ ታነሣላችሁ። መኪናው ይቆማል። ሲቆም ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ ትሻገራላችሁ።"

ልጁ እጁን ያነሣል፤ ካርቶኑ ይቆማል። እንዴት ያለ ያማረ አገር ነው! በዚያ መንገድ ላይ አንድም ሰው አልተገጨም።

የሟቹ እኅት ረድኤት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ባይቆምስ?"

"ይቆማል።"

"እሺ፣ ግን ባይቆምስ?"

"ሕግ ነው አልኩሽ እኮ! ይቆማል!"

ልጆቹ ሳቁ። "አይዞሽ፣ እኔ እቆምልሻለሁ" አላት አቤኔዘር ከነካርቶኑ።

እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ልጄ ዳግመኛ ብስክሌት አትነካም ብላ ነበር። ይርዳው ቤቷ ድረስ ሄዶ ለመናት።

"መምህር፣ አንድ ቀብሬያለሁ" አለችው። "የቀረችኝ ይቺ ናት። በእርስዎ አደራ ነው።"

"በእኔ አደራ" አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የኖራው መንገድ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ፤ ቅዳሜ። ድንኳን ተተከለ። የክብር እንግዳው ስለ ሕፃናት ሲናገሩ እንባ ተናነቃቸው። ረድኤት በኖራው መንገድ ነዳች፤ ወረደች፤ እጇን አነሣች፤ ተሻገረች። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ልጅቷ ወደ ቤቷ የተነሣችው።

እውነተኛው ዜብራ ጋ ደረሰች። ወረደች። እጇን አነሣች።

ከድንኳኑ የወጡት መኪኖች በሙሉ በዚያው አስፋልት ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያው የርዕሰ መምህሩ ነበር። እንግዳው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ይርዳው ከኋላ፣ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ታቅፎ።

"ያቺ የኛዋ ልጅ አይደለችም? እጇን እንዴት ቀጥ እንዳደረገችው እዩልኝማ!" አሉ እንግዳው።

"ጎበዝ ናት!" አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ ክላክስ አደረጉላት።

እንግዳው እጃቸውን አወዛወዙላት። ይርዳው "ያቁሙላት" ሊል አፉን ከፈተ። ግን እንግዳው ቸኩለዋል፤ ምሳ ተሰናድቷል። ይርዳውም እጁን አወዛወዘላት። ከኋላ ያሉትም እንደዚያው፤ ክላክስ፣ ፈገግታ፣ "ጎበዝ!"

ረድኤት የተማረችውን ታውቃለች፤ ሲቆም ትሻገራለች። አልቆመም። አልተሻገረችም።

እናቷ ፍለጋ ስትወጣ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ልጅቷ ብስክሌቱን ወገቧ ላይ አስደግፋ፣ የደከመውን ክንዷን በሌላው እጇ ወደ ላይ ደግፋ ይዛ እዚያው ቆማለች።

"ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?"

"ቲቸርም አለፈኝ፣ እማ።"

ወገኖቼ፣ እናንተ ያን ቀን የት ነበራችሁ? ድንኳኑ ውስጥ እንደነበራችሁ አውቃለሁ፤ ጭብጨባችሁን ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ከድንኳኑ ከወጣችሁ በኋላ ስላለው ነው። ለልጆቻችሁ አትዋሹ ብላችኋል፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ "አባቴ የለም በለው" ብላችኋል። ለተጨነቀ ጸልያችኋል፤ በሩን ሲያንኳኳ መብራት አጥፍታችኋል። ሕጉን አስተማራችሁ፤ ለሕጉ ደገሳችሁ፤ ለሕጉ አለቀሳችሁ። ፍሬኑ ከማን እግር ሥር ነበር? እግሩ ሥር ፍሬን ያልነበረውስ አፍ አልነበረውም?

አሁን መጽናኛ ትጠብቃላችሁ። ይዤ አልመጣሁም። የያዝኩት ሰኞን ነው።

ሰኞ ረድኤት በእግሯ መጣች። ያለ ብስክሌት የመጣ ካርቶን ይሰጠዋል፤ ተሰጣት። አጠለቀች። ይርዳው ፊሽካውን ነፋ። ያ "እቆምልሻለሁ" ያላት አቤኔዘር በተራው ብስክሌት እየነዳ ዜብራው ጋ ደረሰ፤ ወረደ፤ እጁን አነሣ።

ረድኤት እየሮጠች መጣች።

"ቁሚ እንጂ! እኔ እኮ ነኝ!"

"ጲጵ ጲጵ!" አለች። ፈገግ ብላ፣ እጇን ልክ እንደ ክብር እንግዳው አወዛወዘችለት። "ጎበዝ!" ብላው አለፈች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ ይርዳው ዞሩ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። አልነፋውም።