ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ጡረታ የወጡት ኮሎኔል ደምመላሽ የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉበት የቤት ኮምፒውተር ጥቂት መስመር በጻፉ ቁጥር ድርግም እያለ አስቸገራቸው። «ስንቱን ጦር ያዘዝኩ ሰው፣ አንድ ሳጥን አልታዘዝ ይበለኝ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። የጥገና ሠራተኞች ቢመጡም ቁጣቸውን እየፈሩ «እናየዋለን» ብለው ሹልክ ይላሉ። በመጨረሻ በሰፈሩ በምላሷ የታወቀችው ጠጋኝ ተጠራች።

ገብታ ስታየው ኮምፒውተሩ እንደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ከአናቱ እስከ ግርጌው ነጭ ዳንቴል ለብሷል። እጇን ከዳንቴሉ ሥር ብትሰድ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ትንፋሽ አጥሮት ነው፣ ጌታዬ። ይህን ልብስ እናንሳለት። ከመፍታቴ በፊት ደግሞ ለማንኛውም ጽሑፍዎን ፍላሽ ላይ እንገልብጠው» አለች።

ኮሎኔሉ ደማቸው ፈላ።

«ዳንቴሉ የባለቤቴ የእጅ ሥራ ነው፣ አይነሳም! የእኔ ታሪክም ከዚህ ሳጥን አይወጣም፤ ግልባጭ የሚባል ነገር አልፈልግም! እንዲሁ እንዳለ ትሠሪዋለሽ። አንዲት ቃል ብትጠፋ ግን ጣቢያ ነው የማሳድርሽ!»

ሴትዮዋ የመፍቻ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ዘጋችና ብድግ አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«እኔማ ምን እሠራለሁ፣ ጌታዬ? ትንፋሽ ከልክለውታል፣ ዘር እንዳይተካም ከልክለውታል፣ በነጭ ጨርቅ ገንዘውም አስቀምጠውታል። ሰው ሐኪም የሚጠራው ሳይገንዝ ነው። ከገነዘ በኋላማ የሚጠራው ቄስ ነው!»