ምርጊቱ ሳይደርቅ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱን ሁለት ጊዜ ያጣ» አሉ መምህሩ።

ይህን ያሉት ለይታይሽ ነው። ይታይሽ ካገባች ዓመት ያልሞላት ጎረቤታቸው ናት። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ ፋታ የሚባል ነገር አላየችም። የዚያን ዕለትም ክረምት ያሻገተውን ቡሉኮ ስታናፍስ፣ ደጇ ላይ ስንዴ ስታሰጣ፣ ማሰሮም ከእጇ አምልጦ ሲሰበርባት ዋለች። በመጨረሻ መምህሩ ደጅ መጥታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና፣ «መምህር፣ እንዲህ ያለውም ቀን ዕድሜ ተብሎ ይቆጠራል? ምን ሠራሽ ብባል ምን እላለሁ? ጠረግሁ፣ አሰጣሁ፣ ሰበርኩ። ነገም ያው ነው» አለቻቸው።

እሳቸውም ይቆጠራል፣ አይቆጠርም ሳይሉ ምሳሌውን ቀጠሉላት።

ሰውዬው ገበሬ ነበረ። ሀብታም አይባልም፤ ደሀም አይባልም። ሚስቱ የሞተችበት አንዲት ልጃቸው ድክ ድክ ሳትል ነው። ሌላ ሳያገባ ልጁን አሳደገ። ልጅቷም ለወግ ለማዕረግ ደረሰችና ከወንዝ ማዶ፣ ሩቅ አገር ላለ ሰው ታጨች። ሠርጉ ለጥር ተቀጠረ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አባትና ልጅ ዝናቡን ተጠልለው ተቀምጠው ሳለ ልጅቷ ጠየቀችው። «አባዬ፣ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ገበሬው ደስ አለው። ጉሮሮውን ጠርጎ ሠርጋቸውን ተረከላት። የታረደውን ሰንጋ፣ የተሸለመችውን በቅሎ፣ አማቱ ስካር ይዟቸው ዳሱን የጣሉበትን ሁሉ ነገራት። ቀጥሎም ቀብሯን ተረከላት፤ አገሬው እንዴት እንደ ጎረፈ፣ አልቃሾቹ እንዴት እንዳንቆረቆሩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አባዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «የነገርከኝ ስለ ድግስና ስለ ለቅሶ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስለ እናቴ ነው። ስትቆጣ ምን ትል ነበር? ስትስቅስ?»

ገበሬው ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ድምፅዋን ፈለገ፤ የለም። ሳቋን ፈለገ፤ የለም። ሠርጉና ቀብሩ እንደ ሁለት ዋርካ ወዲያና ወዲህ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ሜዳ ግን ጭጋግ ውጦታል። «ይመጣልኛል» አላት። «እሺ» አለችው። ያቺ «እሺ» አንጀቱን በላችው። ልጁ በጥር መሄዷ ነው። እስከዚያ ካልመጣለት እናቷን ሳታውቃት ልትሄድ፣ ነገ ለምትወልዳቸውም ልጆች የምትነግራቸው አያት ላይኖራት ነው። ሁለተኛው ማጣት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሞት አመጣው፤ ለሁለተኛው ግን ማንን ይክሰስ?

መስከረም ገባ። ቤቱ ለሠርጉ እንዲያምር ይመረግ ተባለ። ምርጊት ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቦክቶ ይሰነብታል፤ ከዚያ ሴቶቹ በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ ይለስኑታል። እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይቀበላል። ከደረቀ ግን የተቀበለውን አይመልስም።

የጎረቤት ሴቶች ተጠራርተው መጡ። ልጅቷም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ አብራቸው ገባች። ከጓዳው በር ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ያረጀ የእህል ጎታ ቆሟል። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው፤ በየዓመቱ ቤት ሲለሰን ዙሪያውን ያልፉታል እንጂ ማንም አይነካውም። ዘንድሮ ሠርግ ነውና ገፍተው አወጡት።

«ኧረ ይሄ ምንድን ነው? በሬ የተኛበት ይመስላል!» አለች አንዷ። ከጎታው ኋላ ግድግዳው ጎድጎድ ብሎ ነበር።

«የምን በሬ! ቤቱን የሠሩት ሰዎች ጠላ በዝቶባቸው ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ። የመጀመሪያዋ ጭቃ በእፍኟ ዘግና ልትደፍነው እጇን አነሣች።

ገበሬው ጭድ ተሸክሞ እየገባ ነበር። «ተይው! እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ።

ጭቃው ከሴትዮዋ እጅ ዱብ አለ። «ምነው አያ፣ እባብ አየህ እንዴ?»

ጭዱን ጣለ። ፊቱን አዞረና የኋሊት ቀስ እያለ ወደ ጎድጓዳው ገባ። ትከሻው ትከሻው ቦታ፣ ክርኑ ክርኑ ቦታ ገጠመ። ትንሽ ሰፍቶታል፤ እርጅና አሳንሶታልና። ቢሆንም የእሱ ጀርባ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። በመጀመሪያ የእርጥብ ጭቃው ሽታ መጣለት። ቀጥሎ ድምፅ መጣ።

«ዶሮዋ በላች፣ ጥጃው ጠጣ፣ አንተ ደግሞ ደፋህ! ጦሜን የማድረው እኔ ብቻ!»

ይህን ያለው እሱ ነው፤ ግን በራሱ ድምፅ አላለውም። ቀጠን አድርጎ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጎ፣ እሷ እንዳለችው አለው። ልጅቷ ጭቃ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች።

«መስከረም ነበረ፤ እንደ ዛሬው» አላት። «እኔ ማኅበር ልሄድ ለብሻለሁ። እናትሽ ይህን ግድግዳ ትለስናለች። 'የትም አትሄድም፣ ስጥ ጠብቅ' አለችኝ። አኩርፌ ደጅ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ሞቀችኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ዶሮዎቹ ስጡ ላይ ናቸው። እነሱን ሳባርር ጥጃው ገመዱን በጥሶ ላሚቱን ጥርግ አድርጎ ጠብቷታል። ጥጃውን ሳሳድድ ደግሞ ከምንጭ ተሸክማ ያመጣችውን እንስራ መታሁት። ውሃው የት ሄደ? ስጡ ላይ!»

«ወይ ጉድ! ወንድ ቤት ሲውል እንዲህ ነው» አለች ጭቃ የወደቀባት ሴትዮ።

«ድምፁን ሰምታ ወጣች። አንቺን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ያን አለችኝና ጭቃውን ፊቴ ላይ ልትለጥፍ መጣች። እኔ 'ኧረ ተይ፣ ኧረ በማርያም' እያልኩ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ ደጃፉን አልፌ እዚህ ደረስኩ። ልስኑን የት አስታውሼው! ጧ አልኩበት። ተላቅቄ ስወጣ ግድግዳው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ስንት የደከመችበትን! ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሿ ቀጥ አለ። ስትስቅ እንደዚያ ነበረች። መጀመሪያ ትንፋሿ ይጠፋል፣ እስክትደነግጪ ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ ድንገት ይመጣል። ሆዷን ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። 'ነገ እደፍነዋለሁ፤ እስከዚያው ጎታውን እናስጠጋበት፣ ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ' አለች። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያም አንቺ መጣሽ።»

«ከዚያስ?» አለች ልጅቷ።

«ከየቱ?»

«ከሳቃችሁ በኋላ። የዚያን ቀን።»

«ከዚያማ ምንም የለም። ከስጡ የተረፈውን ለቃቅመን አስገባን። ሽሮ በላን። ተኛን።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እሱንም ንገረኝ» አለችው። «ሽሮውን ማን ሠራው?»

የዚያን ቀን ምርጊቱ ሳያልቅ መሸ። በማግሥቱ ልጅቷ ግድግዳውን ሁሉ ስትለስን ጎድጓዳው ጋ ስትደርስ ጫፍ ጫፉን በጣቷ እየዳሰሰች ዞራ አለፈችው። ጎታውም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሠርገኛው ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ጠየቀ፤ የነገረችውም እሷ ራሷ ነበረች፤ ድምፅዋን ቀጠን፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ።

መምህሩ እዚህ ላይ ወደ ይታይሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። ዕድሜ እንደዚያ ግድግዳ ነው። ሠርግና በዓል ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የሚሰቀል ጌጥ ነው፤ አገር ያየዋል፣ ያደንቀዋል፣ ቀኑ ሲያልፍ ይወርዳል። ሰው የሚቀረጸው ግን ጭቃው እርጥብ ሳለ፣ ሥራ በዝቶ፣ ነገር ተበላሽቶ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል ነው። አንቺ ዛሬ ያለሽው እርጥቡ ላይ ነው። ስለዚህ ጭቃው ይታይሻል፤ ቅርጹ አይታይሽም። ገበሬው ልጁ ስትጠይቀው ያጣው ሠርጉን አልነበረም፤ አንቺ 'ይህም ቀን ነው?' ያልሽኝን ዓይነት ቀን ነው። እስቲ ንገሪኝ፤ ማሰሮው ሲሰበር ምን አልሽ?»

ይታይሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «'እሰይ፣ የሚታጠብ ዕቃ ቀነሰልኝ' ነው ያልኩት።»

«ባልሽስ?»

«እሱማ ስባሪውን ይለቅማል። ለዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል አለኝ።» ይህን ስትል ሳቋ አመለጣት።

«በቃ፣ ተቆጠረ» አሉ መምህሩ። «አሁን ተነሺና ሩጪ፤ ዶሮዎቹ ስጥሽ ላይ ናቸው።»