ከሩጫ በኋላ መሳም የለም

እስቲ አንዲት ሴት አስቡልኝ፣ እናቶች። ደብረ ብርሃን የምትኖር፣ የልጅ ልጇን ያሳደገች ሴት። ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ ሯጭ ናት። ሯጭ ስላችሁ ጤነኛ መሰለቻችሁ አይደል? አያቷም እንደዚያ መስሏት ነበር።

ትርሲት ከባድ ልምምድ በሠራች ቁጥር ብዙም ሳይቆይ ጉንፋን ይጥላታል። ሁለት ውድድር በትኩሳት አመለጣት። አሰልጣኟም መረረው። «የፊታችን እሁድ ማጣሪያውን ካልሮጥሽ ክለቡ ሌላ ልጅ ይይዛል» አላት። ይህን የሰማች አያት እንቅልፍ ይወስዳታል? እናንተንስ ይወስዳችሁ ነበር?

ፋርማሲ ሄደች። ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ቫይታሚን ሲ ገዛች፤ የሚታኘከውንም ጨመረች። ሎሚው፣ ብርቱካኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይቆጠር። አንድ ቀንማ ክኒኑን አድቅቃ ሽሮው ላይ ነሰነሰችው።

«እማማ፣ ሽሮው ለምንድን ነው ከረሜላ ከረሜላ የሚለው?»

«ዝም ብለሽ ብዪ! ሽሮ ነው!»

ምን ሆነ? ልጅቷ ሜዳ ላይ ከምትሮጠው ወደ ሽንት ቤት የምትሮጠው በለጠ። ጉንፋኑ ግን እንዳለ ነው።

አያትየዋ ሲቸግራት የልጅቷን እጅ ይዛ የክለቡ ሐኪም ዘንድ አቀረበቻት። «ዶክተር፣ ጠንከር ያለ ቫይታሚን ይዘዙልን። የኛ ሰፈሩ ኃይል የለውም።»

ሐኪሙ ወደ ትርሲት ዞረ። «ከባድ ልምምድ የሠራሽ ቀን ቤት ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም። እማማ ትስመኛለች።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ትስመኛለች። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ትመጣለች፤ እሷም ትስመኛለች። ከዚያ ልጆቿ...»

በዚህ መሃል አያትየዋን አስነጠሳት። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እማማ፣ እርስዎም ጉንፋን አለብዎት እንዴ?»

«ኧረ የለብኝም! ይሄ ከመስቀል ጀምሮ ያለ ነው፣ ለምዶኛል።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። «እማማ፣ ሰው አቅሙ እስኪሟጠጥ ከሮጠ በኋላ ሰውነቱ ለተወሰኑ ሰዓታት፣ ሳይተኛ እንዳደረ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ አለ፤ ግን ያንቀላፋል። ቫይታሚኑ ትንሽ ያግዘው ይሆናል፤ ሲበዛ ግን ሆድ ማበላሸት ነው ትርፉ። ለዘበኛው ምግብና እንቅልፍ ይስጡት። እስኪነቃ ድረስ ደግሞ ጉንፋን ያለበት ሰው አይጠጋት።»

«እንግዲህ... እኔ?»

«እርስዎ።»

አያችሁ፣ እናቶች? በሽታውን ለማባረር ከተማውን ስታስስ የከረመችው ሴት፣ በሽታውን በገዛ ጉንጯ ስታቀብል ነበር የከረመችው! በክፋት ነው? በፍቅር ነው እንጂ።

በማግስቱ ትርሲት ከልምምድ ገባች፤ እንደ ልማዷ ጉንጯን አዘጋጅታ። አያትየዋ ከወንበሯ አልተነሳችም። እጆቿ እንዳያመልጧት ተቀምጣባቸዋለች።

«እማማ፣ ተቀይመሽኛል?»

«ሂጂ፣ ብዪና ተኚ! ልቤ ስሞሻል፤ አፌ ይቆይ» አለችና ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እትዬ በላይነሽ እጇን ዘርግታ ስትመጣ በሩ ላይ መጥረጊያ ተጋድሞ ጠበቃት።

«አንቺ ሴት፣ ነካሽ እንዴ?»

«ሐኪም ነው ያለው!»

«ሐኪም ከመቼ ወዲህ ነው መሳም የሚከለክል?»

«ከትናንት ወዲህ!»

እሁድ ደረሰ። ትርሲት ሮጠች። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። ሁለተኛ ወጣች፤ ክለቧም አልለቀቃትም። ሰፈሩ በሙሉ ከንፈሩን አሹሎ ወደ እሷ ጎረፈ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ማን ናት? አያቷ! ጋቢዋን አውልቃ በላብ የራሰችውን ልጅ ጠቀለለቻት። ጎንበስ አለች፤ ልትስም ነው። ያ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ትዝ አላት።

ዞረች። ጀርባዋን ለልጅቷ፣ ፊቷን ለሰፈሩ ሰጥታ ሁለት እጇን እንደ አጥር ዘረጋች። «ከዚያው ሆናችሁ! እልል በሉ፣ ግን ከዚያው ሆናችሁ!»

ከኋላዋ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ ትርሲት በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ተሰማት። ያንን ሳቅ ያለ ሳል ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነበር!

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከጉንጭ ወደ ጉንጭ የሚሻገረው ጉንፋን ብቻ ነው እንዴ? ፍርሃትስ? ልጃችሁ ከፈተና ተሟጥጦ ሲመለስ፣ ሴት ልጃችሁ ከሥራ ዝላ ስትገባ፣ በሩ ላይ ምን ታቀብሏቸዋላችሁ? «ብትወድቅስ? የእከሊት ልጅ እኮ ወደቀ! ቢያባርሩሽስ?» ትላላችሁ። ከዚያ ደግሞ «ልጄ መንፈሷ ተረበሸ» ብላችሁ ጸሎት ታስይዛላችሁ። ጸሎቱ መልካም ነው፤ አትተዉት። ግን ፍርሃቱን ማን አቀበላት? በፍቅር፣ እየሳመ፣ ማን?

ዛሬ ቤት ስትገቡ የደከመ ልጅ ካገኛችሁ አብሉት፣ አልብሱት፣ አስተኙት። ስጋት ካፋችሁ ሊወጣ ሲል ጀርባችሁን ለልጁ ስጡ፤ እንደዚያች ሴት እጃችሁን ዘርግታችሁ በሩን ጠብቁለት። ስጋታችሁንስ የት እናድርገው ትሉ ይሆናል። ወደ እግዚአብሔር ውሰዱት፣ እናቶች። የፈለጋችሁትን ያህል ተጠግታችሁ ንገሩት።

እሱ ላይ አይጋባም።