ይማርህን ሊሰርቅ የሄደው ሰውዬ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። ይህን ተረት ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

በድሮ ዘመን ደባሱ የሚባል ገበሬ ነበር። አፈ ጮሌ፣ ስግብግብና ዓይን አውጣ ነበር። ጎረቤቱ እንጉዳይ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ማሳ በቀር ምንም የሌላት ሴት ነበረች።

ደባሱ ምን አደረገ? የድንበሩን ድንጋይ እየገፋ፣ እየገፋ፣ እየገፋ ማሳዋን ወሰደው። ዳኛ ፊት ሲቆሙም ቀኝ እጁን መስቀል ላይ ጭኖ «የአባቴ መሬት ነው» ብሎ ማለ። እንጉዳይ የሰው አረም እያረመች ልጆቿን ማሳደግ ጀመረች። እሱ በእሷ ጤፍ ጠገበ። ይኼ አያናድድም?

ብዙም ሳይቆይ ያ የማለበት እጁ ደረቀ። እርፍ መጨበጥ አቃተው፣ መጉረስ አቃተው፣ ማማተብ እንኳ አቃተው። ጠበል ተጠመቀ፤ ስለት ተሳለ፤ «ጌታዬ ማረኝ» እያለ አለቀሰ። እጁ ግን ያው ነው።

የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሩፋኤል እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ አንተ የምትለምነው መዳን ብቻ ነው። ‹ማረኝ› ማለት አድነኝም ነው፣ ይቅር በለኝም ነው። ሂድና እንጉዳይን ይቅርታ ጠይቅ። እሷ ከልቧ ‹ይማርህ› ትበልህ፤ ከዚያ አምነህ ጸልይ።»

ይቅርታ ከጠየቀማ መሬቱን ሊመልስ ነው። እሱን አልፈለገም። ምን አሰበ መሰላችሁ? ሰው ሲያስነጥስ ሁላችንም «ይማርህ» እንላለን አይደል? ይኸው ዓይን አውጣ ሚጥሚጣ በቅጠል ቋጥሮ ተነሣ።

አጥሯ ሥር ሄዶ ሚጥሚጣውን አሸተተና «እጥሽ» አለ። እንጉዳይ ማን እንደሆነ አይታ ወደ ቤቷ ገባች። ወንዝ ዳር ጠብቆ «እጥሽ» አለ። እንጉዳይ አየችውና ውኃዋን ቀድታ ሄደች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከኋላዋ መጥቶ «እጥሽ» አለ። የወንድ ድምፅ ሰምታ፣ ዞር ብላ ሳታይ፣ በልማድ «ይማርህ» አለች።

«ሰማችሁ?» አለ ደባሱ ለሕዝቡ። «ማረችኝ። ምስክር ሁኑኝ።» እጁን ሊያነሣ ሞከረ። እጁ አልተነሣም። አፍንጫው ብቻ ይንጠባጠባል።

እንጉዳይ ዞረች። «ደባሱ፣ እኔ ይማርህ ያልኩት ለጉንፋንህ ነው። ልጆቼ ጦማቸውን ስላደሩበት መቼ ጠየቅከኝ?» አለችው።

አባም ተቆጡ። «መሬቷን ሰረቅህ። አሁን ደግሞ ይቅርታዋን ልትሰርቅ መጣህ? እሺ፣ እሷን አታለልክ፤ እግዚአብሔርንስ?»

«እሺ አባቴ፣ መጀመሪያ እጄ ይዳንና ድንጋዩን እመልሳለሁ» አለ።

«የለም» አለች እንጉዳይ። «የምታምን ከሆነ እንዲሁ እንዳለህ መልሰው።»

ደባሱ መሄጃ አጣ። ወደ ማሳው ሄዶ፣ የተከተለው ሕዝብ እያየው ድንጋዩ ሥር ተንበረከከ። ድንጋዩን በትከሻው ገፋ፣ በደረቱ ገፋ፣ በመጨረሻ የደረቀ እጁን ድንጋዩ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። «በሐሰት ምያለሁ። እንጉዳይ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ጌታዬ፣ እጄን ባትፈውሰውም እኔን ማረኝ» አለ።

እንጉዳይ አልቸኮለችም። ለምን ትቸኩል? ድንጋዩን እየገፋ የድሮ ቦታው እስኪያደርሰው ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ይማርህ» አለችው። ያኔ ጣቶቹ ተዘረጉ።

ተረቴ ይኸው ነው ልጆች። የሰው ማሳ ላይ ቆማችሁ «ጌታ ሆይ ማረኝ» አትበሉ። መጀመሪያ ከማሳው ውጡ።