የስንዱ ቀን

አንድ ከኮረብታ ሥር የተቆረቆረች የገበያ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ደብሪቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሹሩባ ሠሪ ትኖር ነበር። ደብሪቱ ፀጉር ስትሠራ ብዙ አታወራም። ይሁን እንጂ የከተማውን ሴቶች ኑሮ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፀጉራቸውን በሚዶ ስትከፍል ራሳቸው ላይ ታገኘዋለችና። አንዷ ጋ የቆየ ጠባሳ፣ አንዷ ጋ ትኩስ እብጠት፣ አንዷ ጋ ደግሞ ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር። "በር መታኝ" ይሏታል። "ላሚቱ ወግታኝ ነው" ይሏታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚህ ጋ ወፈር አድርገሽ ሥሪልኝ፣ እንዳይታይ" ይላሉ። እሷም ወፈር አድርጋ ትሠራለች። የተመሰገነችበት ጥበብ ይኸው ነበር።

አንድ ጧት ስንዱ መጣች። ስንዱ የእህል ነጋዴው የዳምጤ ሚስት ናት፤ ገና ልጅ እግር፣ ሳቋ ከአጥር ማዶ የሚሰማ። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ሻሿን ስትፈታ ከጆሮዋ በላይ የነበረው ፀጉር የለም፤ ቆዳው ደም አዝሏል። ደብሪቱ ሚዶዋን አስቀመጠች።

"ይህንን አልሠራም" አለች።

"ምነው እትዬ ደብሪቱ? ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ግን ዛሬ ብሸፍነው ነገ ሌላውን ይነቅለዋል። ዳግመኛ ሲመታሽ ጩኺ።"

"ብጮህስ ማን ይሰማኛል? ጎረቤቱ ሰምቶ በሩን ይዘጋል እንጂ።"

"እኔ እሰማሻለሁ" አለች ደብሪቱ።

ብዙም ሳይቆይ ስንዱ ጮኸች። ደብሪቱ እጇ በቅቤ እንደራሰ ሮጣ ከዳምጤ ደጃፍ ቆመችና ኡኡ አለች። ድምፅዋን የሰማች አንዲት ጠላ ሻጭ ወጣች። ከዚያ አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ ከዚያም ከወፍጮ የሚመለሱ ሴቶች ዱቄታቸውን እንደተሸከሙ መጥተው ቆሙ። ዳምጤ በሩን ከፈተ።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ስንዱን ልናይ።"

"ሚስቴ እኮ ናት!"

"እናውቃለን፤ ሰርጋችሁ ላይ ዘፍነናል። ብቻ አሳየንና እንሄዳለን።"

ዳምጤ የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አፈረ። ስንዱ ከጀርባው ብቅ አለች። ሴቶቹ በዓይናቸው አዩዋትና ተበተኑ። ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሣም።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሴቶቹ ተሰብስበው ደንብ አወጡ። ጩኸት የሰማች ሴት የያዘችውን ጥላ ወደ ጩኸቱ ትሮጣለች። ስድብ የለም፤ ድንጋይ መወርወር የለም። የጮኸችውን ሴት በደኅና ቆማ እስኪያዩ ድረስ ግን ከደጁ ንቅንቅ የለም። አንድ ጊዜ የአናጺው ሚስት እባብ አይታ ብትጮህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ምስኪኑ ባል ቀበቶውን ሳያስር ወጥቶ፣ "እባብ ነው! በማርያም፣ እባብ ነው!" እያለ ይምል ጀመር። ያን ቀን ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። እባቡንም እነሱው ገደሉት።

በዚያ ዘመን በከተማይቱ ወንድ ሲቆጣ፣ እጁን ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ወደ ደጅ ይጥል ነበር። ደብሪቱም ሚዶዋን ስትሰድ የሚያደናቅፋት ነገር እየቀነሰ ሄደ።

ወንዶቹን ግን ነገሩ ውስጥ ውስጡን ከነከናቸው። ተሰብስበው ወደ ከተማው ሹም ሄዱና፣ "ጌታችን፣ በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነናል። አንድ ቃል ጮክ ብለን ብንናገር ደጃችን ገበያ ይሆናል" አሉት። ሹሙ ተቆጣ፤ የሴቶቹን ስብስብ የሚከለክል አዋጅ ሊያስነግር ተነሣ። ከጎኑ ግን ድምፀ ለስላሳ የሆነ አንድ አማካሪ ነበረው።

"ጌታዬ፣ ብትከለክላቸው ይበረታሉ" አለው። "ይልቅ አክብራቸው።"

"ደጃችንን ሲያጨናንቁ ላክብራቸው?"

"አዎን። ቀን ቁረጥላቸው፤ ድንኳን ትከልላቸው፤ ሰንጋ ጣልላቸው። ቆሞ የሚጮኽን ሰው እንደ ምስጋና የሚያስቀምጠው ነገር የለም።"

ሹሙ ምክሩን ወደደው። ሴቶቹን ጠርቶ በሕዝብ ፊት አመሰገናቸው። "ከተማችን በእናንተ ኮርታለች" አለ። "እንግዲህ በዓመት በዓመት የእናንተ በዓል ይከበራል። ደብሪቱም ከዛሬ ጀምሮ የእናቶች እናት ትባላለች። ነገር ግን በየሰው ደጅ እየሮጡ መጮህ ለክብራችሁ አይመጥንም። ችግር ያለባት ሴት በበዓላችሁ ቀን ትነሣና ትናገር፤ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብዙዎቹ በሰው ፊት "ተቀመጪ" ተብለው ወንበር የተሳበላቸው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደብሪቱ ነገሩ ትንሽ ጎረበጣት፤ ሆኖም ከልጅነቷ ጀምሮ ጎንበስ ብላ የሰው ራስ ስታይ የኖረች ሴት ናት፣ ያን ቀን ቀና ብላ ሰው ሁሉ ሲያያት ደስ አላት። ደግሞም ሹም እሰማለሁ ካለ ከደጅ ጩኸት ይሻላል ብላ አሰበች። እሺ አለች።

የመጀመሪያው በዓል አማረ። ሴቶች ተነሥተው በደላቸውን ተናገሩ፤ ሹሙ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። በተከታዩ ዓመት የሚናገሩት ጥቂት ሆኑ፤ በበዓል ቀን ለቅሶ ደስ አይልም ተብሎ ዘፈኑ በዛ። ቀጥሎ የቀሚሱ ጥለት አንድ ዓይነት ይሁን ተባለና በጥለቱ ቀለም ተጣሉ። ዘፈን አውጪዋ ማን ትሁን በሚል ጠላ ሻጯና ሸክላ ሠሪዋ ተኳረፉ። በመካከሉ ከአንድ ቤት ጩኸት ሲሰማ አንዳንዶቹ ብድግ ይሉ ነበር። "ተይ፣ ለበዓሉ ቀን ታቆየው፤ ሹሙ እንዳይቀየመን" ይሏቸዋል ሌሎቹ። እየቆየ ብድግ የሚልም ጠፋ።

በአንድ የበዓል ዋዜማ የደብሪቱ ግቢ ሹሩባ በሚሠሩ ሴቶች ተሞልቶ ሳለ ስንዱ መጣች። ተራዋ ደርሶ ሻሿን ስትፈታ ያው የድሮው ቦታ ተነቅሏል።

"ዳምጤ ጀምሯል፣ እትዬ" አለች በሹክሹክታ። "ዛሬ የእህል ጆንያ የሚወጋበትን ሹል ብረት አሳይቶኛል። ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም።"

ደብሪቱ ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች አየች። ወደ ስንዱ ጎንበስ ብላ፣ "ነገ በበዓሉ ላይ ትናገሪያለሽ። እኔ ራሴ እጅሽን ይዤ ሹሙ ፊት አቆምሻለሁ" አለቻት።

"ዛሬስ?"

"ዛሬን ቻዪው፣ የኔ ልጅ።"

ስንዱ ራሷን ጎንበስ አደረገችላት። ደብሪቱም ሹሩባውን ወፈር አድርጋ ሠራችላት፤ ቁስሉ ምንም አይታይም ነበር።

በማግሥቱ ሜዳው በሰው ሞላ። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው ተቀመጡ። ደብሪቱ ስንዱን በዓይኗ ፈለገች፤ አላየቻትም። ትመጣለች አለች። የዳምጤ ቤት ከሜዳው አጥር ጀርባ ነው። ስንዱ በሹሙ ፊት ልትናገር መሆኑን ሰው ነግሮት ኖሮ ዳምጤ በሩን ዘግቶባት ነበር።

ሹሙ ንግግሩን ጨርሶ በደብሪቱ ትከሻ ላይ ካባ ሊደርብ ሲነሣ፣ ከአጥሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። በአጥሩ በኩል የተቀመጠች ሴት የእልልታ መጀመሪያ መሰላትና ተቀበለች። ሌላዋ ተከተለች። ወዲያው ሜዳው በሙሉ እልል አለ። ጠላ ሻጯ ብቻ አንገቷን አዙራ፣ "ኡኡታ መሰለኝ እኮ" አለች። አጠገቧ የነበረችው በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና፣ "እልል በይ፣ ሹሙ እያየሽ ነው" አለቻት። እሷም እልል አለች።

በዓሉ ሲያበቃ ደብሪቱ ለስንዱ የሚሆን ምግብ በሰፌድ ይዛ ሄደች፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት። ዳምጤ ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጧል። በሩ ገርበብ ብሏል። ደብሪቱ ገብታ አየች፤ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ስንዱ መሬት ላይ ናት። ሹሩባዋ እንደተሠራ ነበር።

ደብሪቱ ወጥታ ከዳምጤ ፊት ቆመች።

"አልጮኸችም?" አለችው።

"ጮኸች እንጂ" አለ ዳምጤ፣ ቀና ሳይል። "እናንተ እልል ትሉ ነበር።"

ሹሙ እጅግ አዘነ። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ የስንዱ ቀን ተብሎ እንዲጠራ አዘዘ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው እንደዚያ ነው። በዳምጤና በስንዱ ዘመዶች መካከል ሽማግሌ ገባ፤ ደሙ ደረቀ። ዳምጤ ሌላ ሚስት አገባ። አንድ ዓመት ለበዓሉ ሰንጋውን የሰጠው እሱ ነበር፤ ሴቶቹም በልተው መረቁት።

ደብሪቱ ካባውን ሹሙ በር ላይ ጥላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ጩኸት በሰማች ቁጥር ብቻዋን ትሮጥ ጀመር። ደጅ ላይ ቆማ ኡኡ ትላለች፤ ሴቶቹ በአጥር ቀዳዳ አይተዋት ይመለሳሉ። "ሐዘን አናወዛት" አሉ። ቁስል አልሸፍንም ስላለች እሷ ዘንድ ሹሩባ ያሠሩ የነበሩትም ወደ ሌላ ሄዱ። የሚሸፍንላቸው ሰው አላጡም። አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ከአንድ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለከልክ አገኘቻትና፣ "እትዬ፣ ለምን አትተይውም? ማንም እኮ አይመጣም" አለቻት።

"ልተወው ብል ጆሮዬ እምቢ አለኝ" አለች ደብሪቱ። "አንቺ ግን እንዴት አድርገሽ አስተኛሽው?"

ሸክላ ሠሪዋ መንገዷን ቀጠለች። ደብሪቱ በዚያው ክረምት ሞተች። ቀብሯ ላይ ሴቶቹ ያንኑ ባለ ጥለት ቀሚስ ለብሰው መጡ፤ ሹሙም ረጅም ንግግር አደረገ።

ይህን ታሪክ የሰማችሁ ሁሉ አስተውሉ። የተበዳይን አፍ የሚዘጋው ዱላ ብቻ አይደለም። ዱላ ያጠፋውን ጩኸት ሌላ ሰው ያነሣዋል። ስም ተሰጥቶት፣ ወንበር ተስቦለት፣ ተጨብጭቦለት ዝም ያለ ሰው ግን ዝም ማለቱን እንኳ አያውቅም፤ ሲያመሰግን ይኖራል። መሰብሰብ መልካም ነው፤ መዝፈንም ያምራል። ነገር ግን ስለ ተበደለች ሴት የተጠራ ስብሰባ ወደ እሷ ከመሄድ ካስቀረን፣ ድንኳኑ የተተከለው ለበዳይዋ ነው።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለፈው ተሰብስባችሁ ስታጨበጭቡ ያልመጣችው ማን ነበረች? ለምን እንደቀረችስ ሄዶ የጠየቀ አለ?